ቦን ከተማ፣ በአንድ የድንጋይ ጓዳ፦ ሦስት ቀይና ሦስት ነጭ የቡርጎኝ ወይኖች

ቡርጎኝ በተባለው የፈረንሳይ ግዛት፣ ቦን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አሥራ ስምንት ደረጃ ወደ ታች ወርደን በገባንበት የድንጋይ ጓዳ ውስጥ የተሰጠንን የሁለት ሰዓት ተኩል የወይን ጠጅ ቅምሻ እዚህ እገመግማለሁ። አብራኝ የሄደችው ሊዮን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ስትሆን፣ ከእኛ ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ለአንድ ሰው 75 ዩሮ ከፍለን ሦስት ቀይና ሦስት ነጭ ወይኖችን፣ በመጨረሻም በጥቁር ብርጭቆ የቀረበ ማንነቱ ያልተነገረን አንድ ወይን ቀምሰናል። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣቸው ቅሬታዎች ስላሉኝ ነው፤ የተማርኩትም ነገር በቦን ዙሪያ ባሉ ብዙ ጓዳዎች ሊገኝ የሚችል ስለሆነ አንባቢ የሚያጣው ነገር የለም። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ለዓመታት በቡና ቅምሻ ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ ይህንንም አገልግሎት የምመዝነው አንድ ቀማሽ ሌላውን እንዴት እንደሚያሠለጥን በማየት ነው።

ቦን ከዲዦን በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኮት ዶር የሚባለው ጠባብ ተረተር ሥር ትገኛለች። የከተማዋን ታሪክና የወይኗን ታሪክ ለይቶ ማውራት አይቻልም። የቡርጎኝ መስፍን ዋና ሹም የነበረው ኒኮላ ሮላን ከባለቤቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋር ሆኖ በ1443 እ.ኤ.አ. ለድሆች መታከሚያ የሚሆን ቤት አቆመ፤ በቀለማት ባሸበረቀ የጣሪያ ሸክላው የሚታወቀው ይህ ሕንፃ ዛሬም ከተማው መካከል ቆሟል። ባለፉት ዘመናት ምእመናን የወይን መሬታቸውን ለዚህ ቤት እየተናዘዙለት ስለሄዱ፣ ከመሬቱ የሚገኘው ወይን ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በጨረታ ይሸጣል። የሚሸጠው በጠርሙስ ሳይሆን 228 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሆን፣ አንዱ በርሜል ሦስት መቶ ያህል ጠርሙስ ይወጣዋል። አስተናጋጃችን የነበሩት በዕድሜ የገፉ ሴት ቅምሻውን የጀመሩት ከዚህ ታሪክ ነበር፤ ምርጫቸው በጣም ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የዚያ አገር ሰው ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቅ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ካርታ ዘረጉልን። ካርታው ተረተሩን በሙሉ በትንንሽ እርሻዎች ከፋፍሎ ያሳያል፤ እያንዳንዱ እርሻ «ክሊማ» ይባላል፤ የራሱ ስም፣ የራሱ ድንበር፣ የራሱም ማዕረግ አለው። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የእነዚህ ክሊማዎች ቁጥር 1,247 ነው። የማዕረጉ ደረጃ ከታች ሲጀመር የግዛቱን ስም ብቻ የያዘ ወይን፣ ከዚያ የመንደሩን ስም የያዘ፣ ከዚያ «ፕሪሚዬ ክሩ»፣ በመጨረሻም «ግራን ክሩ» ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን የዝርያው ነገር ነበር። መስፍኑ ፊሊፕ ደፋሩ በ1395 ጋሜ የተባለው ብዙ የሚያፈራ ዝርያ እንዲነቀል አዝዞ ስለነበር፣ ዛሬ የኮት ዶር ታላላቅ ቀይ ወይኖች ከሞላ ጎደል ከፒኖ ኗር ብቻ፣ ነጮቹም ከሻርዶኔ ብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ ቀማሹ በሁለት ብርጭቆዎች መካከል ልዩነት ባገኘ ጊዜ በዝርያ ማሳበብ አይችልም፤ የቀረው መሬቱ፣ ዘመኑና የሠሪው እጅ ነው። የይርጋ ጨፌን ቡና ከሐረር ቡና መለየት ለማንኛውም የቡና ቀማሽ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ እዚህ ግን የምንለየው በእግር ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ነበር።

ቅምሻው በቀዩ ጀመረ። በሌላ ቦታ ነጭ ወይን ቀድሞ ቀይ እንደሚከተል የለመድን ሰዎች ሁላችን ተገረምን፤ ነገር ግን በቡርጎኝ ጓዳዎች ቀዩን አስቀድሞ ነጩን ማስከተል የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱን ሴትዮዋ በአጭሩ አስረዱን፤ የነጩ ጎምዛዛነት ምላስ ላይ ከቆየ በኋላ ገና ወጣት የሆነ ቀይ ቢቀርብ ታኒኑ ሻካራ ሆኖ ይሰማል፤ የአካባቢው ነጭ ደግሞ ሙሉና ጠንካራ በመሆኑ ከቀዩ ኋላ ቢመጣም አይዋጥም፣ አፍንም ያድሳል። ታኒን የሚለውን ቃል ለማያውቅ ሰው፣ ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ ወይም ብዙ የቆየ ሻይ ሲጠጣ ድድንና ጉንጭን የሚያደርቀው ስሜት ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ከመራራነት ጋር እናምታታዋለን። የጌሾ ምሬት ምላስ ላይ የሚገኝ ጣዕም ነው፤ ታኒን ግን በአፍ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ነው። የሚመጣውም ከፍሬው ልጣጭ፣ ከዘሩና ከግንጩ ነው። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ስለሚብላላ ሲሆን፣ ነጩ ግን ፍሬው እንደተጨመቀ ልጣጩ ተለይቶ ስለሚወገድ ከታኒኑም ከቀለሙም ነጻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀይ ከሳቪኚ ለ ቦን መንደር የመጣ ቀላል ወይን ነበር። የትኩስ እንጆሪ ሽታ አለው፣ አፍ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቀጥሎ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀዳልን፤ አንዱ ቮልኔ፣ ሁለተኛው ፖማር፣ ሁለቱም የ2018 መከር። እነዚህ ሁለት መንደሮች ድንበርተኞች ናቸው፤ ሁለቱም በስማቸው ቀይ እንጂ ነጭ ወይን አይሸጡም፤ ዝርያው አንድ ነው፣ ዓመቱም ያው ሞቃት ዓመት ነው። ይህን ጥንድ የመረጠው ሰው የማስተማር ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሴትዮዋ ምንም ሳይነግሩን፣ ብርጭቆውን በእግሩ ይዘን ሳናወዛውዝ አንድ ጊዜ፣ አወዛውዘን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ እንድናሸት አደረጉን። ቮልኔው ገና ሳይነቃነቅ የጽጌረዳና የቀይ ፍሬ ሽታ ወደ ላይ ይልካል፤ ፖማሩ ዝም ብሎ ቆይቶ ሲወዛወዝ ብቻ የጥቁር እንጆሪ፣ የእርጥብ አፈርና የለፋ ቆዳ ሽታ ሰጠ። ፉት ስንለው ልዩነቱ ይበልጥ ታየ። የቮልኔው ታኒን እንደ ተፈተለ ቀጭን ጥጥ ነበር፤ አለ፣ ግን ማንንም አይቧጭርም፤ ከዋጡት ወይም ከተፉት በኋላም ሽታው በአፍንጫ ጀርባ ለረጅም ጊዜ ይመለሳል። ፖማሩ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ይመስላል፤ ጉንጭን ይሞላል፣ ድድን ይይዛል፣ ጣዕሙን የሚገልጠውም ቀስ ብሎ ነው።

የዚህ ልዩነት ምክንያት በአብዛኛው ከእግራችን በታች ያለው አፈር እንደሆነ ተነገረን፤ ፖማር ውስጥ ሸክላማና ብረት ያለበት ቀይ አፈር በብዛት ሲገኝ፣ ቮልኔ ላይ የኖራ ድንጋዩ ወደ ላይ ቀርቦ አፈሩ ይሳሳል። እንዲያውም ከፖማር የታወቁ እርሻዎች አንዱ «ሩዥያን» የሚባለው ስሙ ከአፈሩ መቅላት ጋር የተያያዘ ነው። ቡና ስቀምስ ተመሳሳይ ነገር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ይሁን እንጂ ሁለት አጎራባች መሬቶች እንዲህ ተለያይተው ሲናገሩ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ለዚህ አንድ ጥንድ ብቻ ብከፍል እንኳ ገንዘቤ አይቆጨኝም ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ለእኛ የመጀመሪያው የፖማር ጠርሙስ አላዳረሰንም ነበርና ሁለተኛ ተከፈተ። የእኔና የእህቴ ድርሻ ከሁለተኛው ተቀዳ። አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ እንዳስገባሁ የረጠበ ካርቶንና የሻገተ ምድር ቤት ሽታ መጣብኝ። ይህ በወይን ዓለም የታወቀ ነውር ነው፤ ከቡሹ የሚመጣ ትሪክሎሮአኒሶል የተባለ ውሁድ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢገኝ እንኳ የወይኑን ፍሬ ሽታ ደፍኖ ይቀብረዋል። ጠጪውን አይጎዳም፣ ግን ወይኑን ይገድለዋል። በትሕትና ስናገር የሴትዮዋ ረዳት የሆነው ወጣት «የመሬቱ ሽታ ነው» ሲል መለሰልኝ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ የቀመሱ ጎረቤቶቻችን ብርጭቋቸውን አቀብለውን ካነጻጸርን በኋላ፣ ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው አሽተው ወዲያውኑ ሦስተኛ ጠርሙስ አስከፈቱና ይቅርታ ጠየቁን። እርሳቸው ያደረጉት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለመማር የመጣን ሰው የተበላሸ ሽታ «የመሬቱ ሽታ ነው» ብሎ ማሳመን ከባድ ጥፋት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያ ሰው ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ ነውሩን እንደ መልካም ነገር እያደነቀ ይኖራል። ማንኛውም የቅምሻ ቤት ጠርሙስ ሲከፍት መጀመሪያ ራሱ ሊያሸት ይገባዋል፤ ይህ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ነጮቹ ስንሻገር የጓዳው መንፈስ ተለወጠ። በአሊጎቴ ጀመርን፤ ይህ ከሻርዶኔ ቀጥሎ በአካባቢው የሚገኝ ሌላው ነጭ ዝርያ ነው፤ ሎሚነቱ የጎላ፣ ቀጥተኛ፣ አፍን የሚያጥብ ወይን ነው። ከቀዮቹ በኋላ ያስፈለገንም ይኸው ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው ጥንድ መጣ፤ መርሶና ፑሊኚ ሞንራሼ፣ ሁለቱም ሻርዶኔ፣ ሁለቱም የ2017፣ መንደሮቹም ድንበርተኞች። እዚህ ላይ የሠሪው እጅ ከመሬቱ ጋር እንዴት እንደሚጣመር ለማየት፣ ነጭ ወይን በጓዳ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጭማቂው በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ከተብላላ በኋላ እርሾው ሞቶ ከታች ይዘቅጣል። እኛ ለጠላ «አተላ» የምንለው መሆኑ ነው። የቡርጎኝ ሰው አተላውን ወዲያው አይለየውም፤ ወይኑን ለወራት በላዩ ላይ ያሳድረዋል፣ አንዳንዴም በዱላ ያማስለዋል፤ ከዚያም የሚገኘው ወፍራምነትና የዳቦ ሽታ በሌላ መንገድ አይገኝም። በዚያው ጊዜ ባክቴሪያዎች በፖም ውስጥ የሚገኘውን ስለታም አሲድ፣ በእርጎ ውስጥ ወደሚገኘው ለስላሳ አሲድ ይለውጡታል። ሰዎች በቡርጎኝ ነጭ ውስጥ የቅቤ ሽታ አገኘን ሲሉ ምንጩ በአብዛኛው ይህ ለውጥ ነው፤ ቅቤው ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ሳይሆን ለጋ ቅቤ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

መርሶው ይህን ሁሉ በግልጽ አሳየን። ቀለሙ ወደ ገለባ ያዘነበለ፣ ሽታው የተቆላ ለውዝና ለጋ ቅቤ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ቅባትነት ያለው፣ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ጎምዛዛነቱ ተነሥቶ የሚያቃናው ወይን ነበር። ፑሊኚው ግን መጀመሪያ ላይ የተጫረ ክብሪት የመሰለ ሽታ ሰጥቶ፣ አየር ሲያገኝ ወደ ትርንጎ ልጣጭና ነጭ አበባ ተለወጠ። ክብደቱ ከመርሶው ያንሳል፣ ርዝመቱ ግን ይበልጣል፤ ከተፋሁት በኋላ ጣዕሙ እስኪጠፋ ብቆጥር ከመርሶው እጥፍ ያህል ቆየ። እህቴ መርሶውን መረጠች፣ እኔ ፑሊኚውን፤ ሁለታችንም ሐሳባችንን አልቀየርንም። ከስድስቱ ሁሉ ያለ ምንም ማቅማማት አንደኛ የማደርገው ይህን ፑሊኚ ነው።

በዚህ መካከል ሴትዮዋ ያነሡት አንድ ነጥብ ካርታውን እንደገና እንድመለከት አደረገኝ። መርሶ መንደር ውስጥ፣ ከቮልኔ ድንበር ላይ «ሳንትኖ» የሚባል እርሻ አለ። በዚያ መሬት ላይ ፒኖ ኗር ተተክሎ ቀይ ወይን ሲሠራበት ወይኑ በቮልኔ ስም ይሸጣል፤ ሻርዶኔ ተተክሎ ነጭ ሲሠራበት ደግሞ በመርሶ ስም ይሸጣል። ሕጉ ይህን የሚፈቅደው ቀዩ የቮልኔን ጠባይ፣ ነጩም የመርሶን ጠባይ ይዞ ስለሚገኝ ነው። ቀማሾች ለዘመናት የተናገሩት ነገር የሕግ ድንበርን ሲያጥፍ የማውቀው በዚህ አንድ ቦታ ነው፤ የቅምሻ ሥራ ምን ያህል ክብር እንደሚሰጠው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የመጨረሻው በጥቁር ብርጭቆ የቀረበው ወይን ነበር። ቀለሙ አይታይም፤ ቀይ ነው ወይስ ነጭ የሚለውን ብቻ ተጠየቅን። ከስምንታችን አምስቱ ቀይ ነው አሉ፤ እህቴም ከአምስቱ ነበረች። ወይኑ ነጭ ነበር፤ በአዲስ የኦክ በርሜል ያደረ፣ ከሚገባው በላይ እንዲሞቅ የተደረገ መርሶ። እኔን ያዳነኝ ሽታው አልነበረም፤ ድዴ ላይ ታኒን ስላላገኘሁ ብቻ ነው ነጭ ያልኩት። በቦርዶ ተካሂዶ በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን የቀረበላቸው 54 የወይን ጥበብ ተማሪዎች፣ ያንኑ ወይን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ቡና በሚቀመስባቸው ቤቶች የአቆላል ቀለም ዓይንን እንዳያታልል በቀይ መብራት የሚቀመስበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ቢሆንም ዓይን አፍንጫን የቱን ያህል እንደሚመራ በራስ ላይ ደርሶ ማየት ከማንበብ ይበልጣል። ይህን ሙከራ መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ተማሪውን በራሱ ላይ እንዳይተማመን ያደርገው ነበር።

ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ማከል ይገባኛል። ከአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ እነዚህን ወይኖች መጀመሪያ ሲቀምሱ «ይጎመዝዛል» ብለው ያስቀምጧቸዋል፤ እህቴም ፈረንሳይ በመጣችበት ዓመት ያለችው ይህንኑ ነበር። ጠጅ ቤት ገብቶ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ጠጅ ለይቶ የሚያዝ ሰው ግን ቁልፉ በእጁ ነው፤ ደረቁ ጠጅ ማሩ በአብዛኛው ተብላልቶ ያለቀበት ስለሆነ ነው የሚደርቀው። እነዚህም ወይኖች ስኳራቸውን እርሾው ጨርሶ ስለበላው ደረቅ ናቸው። ጣፋጭነትን ከመጠበቅ ይልቅ ሽታውንና ቆይታውን መከታተል ይሻላል። የፈረንሳዩ ካስቴል በባቱ ካስተከላቸው ዝርያዎች አንዱ ሻርዶኔ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያንን ከአንድ የሻብሊ ጠርሙስ ጋር አነጻጽሮ ቢቀምስ፣ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይና የሰሜን ቡርጎኝ ብርድ አንዱን ዝርያ እንዴት እንደሚቀርጹት በቤቱ ሆኖ ሊያይ ይችላል።

ሌላው ጉድለት የሙቀት ነገር ነው። ጓዳው 12 ዲግሪ ያህል ነበር፤ ለነጮቹ ተስማሚ፣ ለቀዮቹ ግን ቀዝቃዛ። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈናል፣ ታኒኑም ይጠነክራል፤ 15 ወይም 16 ዲግሪ ቢሆን ፖማሩ ይበልጥ ይናገር ነበር። ጠርሙሶቹን ከቅምሻው ቀደም ብሎ ወደ ላይኛው ክፍል አውጥቶ ማቆየት በቂ ነበር። የቀረበው ዳቦና ኮምቴ አይብ መልካም ነው፤ መትፊያ ዕቃ ግን ለስምንት ሰው ሁለት ብቻ መሆኑ አይበቃም፤ ሰባት ወይን ሳይተፋ የቀመሰ ሰው የመጨረሻዎቹን በትክክል ሊለይ አይችልምና። በመጨረሻ ለሽያጭ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ረዝሞብኛል፤ ግድ የተባለ ሰው ግን አልነበረም፣ ዋጋዎቹም ከከተማው ሌሎች መደብሮች ጋር ተቀራራቢ ነበሩ።

እኔ አንድ ፖማር ገዝቼ ወጣሁ፤ ከቀመስናቸው በጣም የወደድኩት ስለነበረ ሳይሆን ያለፍትሕ የመዘንኩት መስሎ ስለተሰማኝ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እህቴ ቤት፣ ከመመገባችን አንድ ሰዓት አስቀድመን ከፈትነው፤ መጀመሪያ ቡሹን አሸተትኩ፣ ንጹሕ ነበር። በ16 ዲግሪ ሲቀዳ ጓዳው ውስጥ ድድ ይዞ የነበረው ታኒን ላልቶ፣ ከጥቁር እንጆሪው በስተጀርባ ጓዳው ውስጥ ጨርሶ ያላገኘሁት የጽጌረዳ ሽታ ወጣ። እህቴ ብርጭቆውን አስቀምጣ «ይኼማ ቮልኔው ነው» አለችኝ፤ ጠርሙሱን አዙሬ ጽሑፉን አሳየኋት።